የጋሮማ ናፍጣ የት ገባ

ጋሮማ ቀንዓ አይሱዙዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ከገባ ቆይቷል። ማታ ሞተሩ ሥር አንጥፎት የሄደውን ካርቶን ጎትቶ አወጣና ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ደረቅ ነው። አገላብጦ አሸተተው። ካርቶን ካርቶን ይሸታል እንጂ ናፍጣ የሚባል የለበትም። ካርቶኑ የነበረበትን አፈር በጣቱ ጫር አድርጎ እሱንም አሸተተ። አፈር ነው።

«ኧረ አንቺ!» አላት መኪናይቱን፣ «አንዲት ጠብታ እንኳ ብትጥዪ ምን አለበት?»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሰው ሾፌር መኪናው ናፍጣ እንዳታንጠባጥብ ነው የሚለምነው። የእኛ ሰው ደግሞ እንድታንጠባጥብለት መሬት ላይ ተኝቶ ይለማመጣል። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። መኪናይቱ በሄደች ቁጥር ከሚገባት በላይ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ያህል ናፍጣ ትጨርሳለች፤ የሚፈስበት ቦታ ግን አይታይም። የሚፈስበት ቦታ ከሌለ ደግሞ ለአምቦ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ እየቀዳ ይሸጣል ማለት ነው። ጋሮማ ፍሳሹን ካላገኘ ሌባ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ጋሮማ ትውልዱ ከጉደር ወጣ ብሎ ነው። በጎረምሳነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥሮ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያለውን መንገድ ጭነት ላይ ተቀምጦ አድጎበታል። ያኔ አፉ መሐላ ብቻ ነበር። ጎማ ነፋህ ወይ ሲሉት «እናቴ ትሙት!»፣ ምሳ በላህ ወይ ሲሉት «እናቴ ትሙት!» ምስኪኗ እናቱ አገሯ ቁጭ ብላ ጎመኗን ስትኮተኩት ልጇ በየመናኸሪያው ይገድላት ነበር። ኋላ ወርቅቱን ወደደ። ወርቅቱ ደግሞ የጴንጤ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ካልመጣህ አላውቅህም አለችው። ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። ጫቱን ተወ፣ አረቄውን ተወ። ከሁሉ ያስቸገረው መሐላው ነበር፤ ምላሱን እየነከሰ፣ እየነከሰ እሱንም ተወው። ከዚያ ወዲህ ጋሮማ አዎ ካለ አዎ ነው። የሚጨምርበት ነገር የለውም።

አይሱዙዋ የእሱ አይደለችም፤ የጋሽ ዓብዱልመጂድ ናት። ጋሽ ዓብዱልመጂድ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ላይ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ነጋዴ ናቸው። የመኪናቸውን ቁልፍ ለጋሮማ ከሰጡ ወዲህ ሁለተኛ ሾፌር አላዩም። በረመዳን ከእሳቸው ቤት ሳምቡሳ በሳህን ተሸፍኖ ለጋሮማ ልጆች ይሄዳል፤ በገና ደግሞ ወርቅቱ ድፎ ዳቦ ደፍታ ትልክላቸዋለች። እንዲህ ነበሩ።

መኪናይቱም ብትሆን አርጅታለች እንጂ ስም ነበራት። ያረጀ አይሱዙ ዘይት ይበላል፤ ይቺ ግን፣ በተለይ ከአንድ ወር ወዲህ፣ ዘይት ጨምሩልኝ የምትለው ነገር የለም። ጋሮማ ጠዋት ጠዋት የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ሲያይ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከምልክቱ አለፍ ይላል። «መካኒኩ ጅሩ ሲቀይርልኝ አብዝቶት ነው» ይልና ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ ይመልሰዋል። ጋሽ ዓብዱልመጂድም ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው «የእኔዋ ዘይት አትጠጣም፤ ማሻአላህ በሉ!» እያሉ ያወሩላት ነበር።

ያ ጊዜ ደግሞ ናፍጣ ከማደያ እየጠፋ በየጓሮው የሚቸበቸብበት ጊዜ ነው። ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ይተኛል። ጀሪካን የያዘ ሾፌር ሁሉ በዓይን ይታያል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ የጋሽ ዓብዱልመጂድ መኪና ከአዲስ አበባ ስትመለስ አዲስ ዓለም ሳትደርስ ናፍጣ ጨረሰች የተባለው። አንድ ቀን ይሁን። ደገመች። ከሱቃቸው ጎን ሱቅ ያለው ሽፋ፣ ሰው ሲያማ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሽፋ፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «መኪና አፍ የላት፤ ምን ትበል?» አላቸው። በቃ፤ ነገሩ ገባቸው። ልብ አንዴ ከተበላሸ መቼም አይተኛም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሮማን ወደ ሱቅ አስጠሩት። ሲገባ ሽፋና የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ጋዲሳ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ለምን እንደተጠራ ገባው።

«አካም ጅርታ፣ ጋሮማ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉት ኦቦ ጋዲሳ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። «ጋሮማ ልጄ፣ እኔ ሌባ ነህ አላልኩህም። አፌም አይለው። ግን ሰው እያወራ ነው። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ አልወሰድኩም ብለህ በልጆችህ ማልልኝ። ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።»

«አልወሰድኩም፣ ጋሼ።»

«እሱማ ይገባኛል። ማልልኛ!»

«አልወሰድኩም አልኩዎት እኮ። እኔ እንደሆንኩ አልምልም፤ ያውቁኛል። በእኛ ዘንድ አይማልም።»

ሽፋ ሳል ሳል አለው። «ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያደርገዋል?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ በእውነቱ በሩን በሰፊው የከፈቱለት መስሏቸው ነበር። ለእሳቸው ወላሂ ማለት እንደ ትንፋሽ ነው፤ ሰው ካልወሰደ ወላሂ አልወሰድኩም ብሎ ይወጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያበቃል። እንደ ልጅ የሚወዱት ሾፌር የማይምል ከሆነ እንግዲህ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ፊታቸው ጠቆረ። «እሺ» አሉ፤ «ወደ ሸነን ከተማ የሚሄደውን ጭነት እስክናደርስ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ይፈሳል ካልክ የሚፈስበትን ቦታ አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ቁልፌን ታስረክበኛለህ።»

ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጋሮማ ያውቀዋል። በናፍጣ ሌብነት የተባረረ ሾፌር በምዕራብ ሸዋ መሪ የሚያስጨብጠው የለም። ከአምቦ ጌዶ፣ ከጌዶ ባኮ ወሬው ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል። መንጃ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይስቀለው። ከዚህ ሁሉ ግን ያንገበገበው ሌላ ነው። ለዓመታት አብሯቸው በልቶ፣ አብሯቸው አልቅሶ፣ አንድ «አልወሰድኩም» ማለቱ አልበቃቸውም።

ቤቱ ገብቶ ምሳ ቀረበለት፤ አልወርድ አለው። ወርቅቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈትል ቆየች። «ጋሮ» አለችው፣ «አንድ ቀን ብትምልስ? እግዚአብሔር እንደሆነ ልብህን ያውቀዋል።»

ጋሮማ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? አንቺ?»

«ልጆቹን ትምህርት ቤት የናፍጣ ሌባ ልጆች እያሏቸው ነው!» አለችና ለቅሶዋ መጣ። «ትልቁ ትናንት ተደባድቦ መጣ። ምን ልበለው? አባትህ ቃሉን ስለሚያከብር ነው ልበለው?»

ሚስቱ ትጠርጥረው አትጠርጥረው እንኳ ሊጠይቃት ፈራ። ኮቱን አነሳና መኪናይቱን ይዞ ወደ ጅሩ ጋራዥ ሄደ።

ጅሩ ከአምቦ ወደ ጉደር መውጫው ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ጋሮማና እሱ ከረዳትነት ዘመን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አብሮት ፈትሿል። የናፍጣ ጋኑን አይቷል፣ ማጣሪያውን ፈቶ ገጥሟል፣ ወደ ጋኑ የሚመለሰውን ቱቦ በእጁ ዳብሷል። ምንም የለም። ያን ቀን ግን አዲስ ዘዴ አመጣ። ጄሶ በጨርቅ ቋጥሮ የናፍጣ ቧንቧዎቹን፣ የፓምፑን ገላ፣ መጋጠሚያ የሆነውን ሁሉ እንደ ዱቄት ነሰነሰበት። «አሁን እስከ ጉደር ንዳት» አለ፤ «የረጠበ ካለ ጄሶው ጭቃ ሆኖ ያሳብቃል።»

ነዷት። ወጡ፣ ወረዱ፣ ሞተሩን አስጮኹ። ተመልሰው ካቢናዋን ወደ ፊት ገለበጡና ሁለቱም አንገታቸውን አስገቡ። ጄሶው እንደተነሰነሰ ነው። ነጭ። ደረቅ። ከደጅ የመጣ አቧራ ካልሆነ በቀር የነካው የለም።

ጅሩ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ንጹሕ ጣቱን እንደገና ይጠርጋል። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ «ጋሮ፣ እኔና አንተ ብዙ ነገር ተሸፋፍነናል» አለ። «ለእኔ ብቻ ንገረኝ። ከእኔ አይወጣም።»

ጋሮማ መጀመሪያ አልገባውም። ኋላ ገባው። «አንተም?» አለው። «ጅሩ፣ አንተም?»

«እንግዲህ ናፍጣ አየር አይደል በኖ የሚጠፋ፤ ሁሉን አይተን አጣን! ምን ልበል?» አለ ጅሩ፤ እሱም ተናደደ፣ እሱም አፈረ። ቁልፍ ላምጣ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ጋሮማ ብቻውን ቀረ። እጁ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር የብሎን ቁልፍ አለ። ዓይኑ ከማጣሪያው ሥር ያለች ብሎን ላይ አረፈ። ያቺን ብሎን ቅንጣት ታህል ቢያላላት ናፍጣው ጠብ ጠብ ይላል። ጄሶው ይበላሻል። ካርቶኑ ይረጥባል። ጋሽ ዓብዱልመጂድ መጥተው ያያሉ፣ «ይኸው ነው ለካ!» ይላሉ፣ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ልጆቹም ያርፋሉ። ማን ያውቃል? ማንም! ቁልፉን ብሎኗ ላይ አሳረፈ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አንዴ ጫን ቢል ነው።

ጫን አላለም። በአፌ ያልማልኩትን በቁልፍ ልምል ነው እንዴ አለ በልቡ፤ ቁልፉን ወርውሮ ሞተሩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። ጅሩ ሲወጣ ያንን አየና ካቢናዋን መለሰለት።

በማግስቱ የሸነን ጉዞ ሆነ። ጭነቱ ቆርቆሮ፣ ጨውና ሳሙና ነው። ጋሮማ መኪናይቱን ማደያ አስገብቶ ጋኗን አፍ ድረስ እንዳስሞላ ጋሽ ዓብዱልመጂድ ከባጃጅ ወረዱ። በእጃቸው አዲስ የብረት ቁልፍ ይዘዋል። ያ ሁሉ ተሰላፊ ሾፌር እያየ የጋኑን ክዳን በቁልፉ ቆለፉት፤ መክፈቻውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

አንዱ ሾፌር ከኋላ ሳቀ። የጋሮማ ደም ፈላ። ዘወትር ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ዘይት የሚያየው ሰው፣ ያን ቀን ዘንጉንም ሳይመዝዝ፣ ውሃውንም ሳያይ ካቢና ውስጥ ገባና በሩን በኃይል ዘጋው። ንዴት ልማዱን አስረሳው።

ጉደርን አልፈው ወደ ግራ ታጠፉ። ጋሽ ዓብዱልመጂድ ብርድ አይወዱምና ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ናፍጣ ቆጣሪው ላይ አፍጥጠዋል። መርፌውን እንደ ወርቅ ሚዛን ነው የሚያዩት። ጋሮማም ያያል። መንገዱን ያያል፣ መርፌውን ያያል። እንዳትወርድ ይፈልጋል፤ እንድትወርድም ይፈልጋል። ከወረደች እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው፣ ቁልፉም ኪሳቸው ሆኖ ነው የምትወርደው። ካልወረደች ግን አለቀለት፤ ሌባው ሲጠበቅ ናፍጣው በረከተ ይባላል።

ጥቁር እንጭኒን ሲያልፉ መርፌዋ ወርዳለች። እንደ ወትሮው ሳይሆን በጣም ወርዳለች። ጋሽ ዓብዱልመጂድ ጎንበስ አሉ፤ ቆጣሪውን በጣታቸው ቆረቆሩት። መርፌዋ አልተመለሰችም። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ መክፈቻው አለ። ወደ ጋሮማ ዞሩ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

የፈለጉትን አልተናገሩም። ሞተሩ ጮኸ።

ጋሮማ ነዳጅ አልሰጠም። እግሩን አነሳ፤ ጩኸቱ ባሰ። ዳገት ላይ ናቸው፣ መንገዱ ጠጠር ነው፣ በግራ በኩል ገደል አለ፤ መኪናይቱ ያን ሁሉ ቆርቆሮ ተሸክማ እንደ ባዶ መኪና ሽቅብ ትጎትታለች። ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ረገጠ። ወይ ጉድ! የተለቀቀው ሞተር ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ጮኸ። ፍሬን ይዞ በግድ አቆማት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ጨርሶ ነቀለው። ቁልፉ እጁ ላይ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል። ከኋላ ነጭ ጭስ ወጥቶ መንገዱን፣ ገደሉን፣ ሰማዩን ሸፈነው።

«ጋሼ ይውረዱ! ይሩጡ!»

«ያ አላህ! ያ አላህ!» እያሉ በሩን ከፍተው ዘለሉ፤ ወደቁ፤ ተነስተው ሽቅብ ሮጡ።

ጋሮማም መሮጥ ይችላል። ሞተር እንዲህ ሲያብድ ወይ ፒስቶን ሰብሮ ይወጣል፣ ወይ በእሳት ይያያዛል፤ አጠገቡ የሚቆም ሰው ዕድሜ የጠገበ ነው። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውርዷል። ያኔ ነው አንድ ሐሳብ እንደ ጦር የወጋው። ይቺ መኪና ከተቃጠለች ፍሳሹም አብሮ ተቃጠለ። ማንም አያገኘውም። «ሌብነቱ ሊወጣበት ሲል አቃጠላት» ይሉታል፤ ልጆቹ እስኪያረጁ ይሉታል።

እግሩን መለሰ። አምስተኛ ማርሽ ከተተ፤ ፍሬኑን በሙሉ ጉልበቱ ረግጦ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናይቱ ዘለለች፤ ተንቀጠቀጠች። የፍሪሲዮን ሸራ ሲቃጠል ሸተተው። ሞተሩ ግን አልሞተም። «ጌታ ሆይ!» አለና ማርሹን መለሰ፤ ጋሽ ዓብዱልመጂድ የጣሉትን ጋቢ መነጨቀና ከካቢናው ጀርባ ተንጠልጥሎ ወጣ። የሞተሩ አየር መሳቢያ አፍ እዚያ ነው። ጋቢውን ጠቅልሎ አፉ ላይ ደፈነው። ሞተሩ ጋቢውን ሳበው፤ ሊነጥቀው ነው። ጋሮማ በሁለት እጁ ያዘ፣ በደረቱ ተጫነ፣ ፊቱን አዞረ። ሙቀቱ ሸሚዙን አልፎ ለበለበው። ዓይኑ በጭስ ጠፋ። «ሙቺ! ሙቺ እንጂ!» እያለ ይጮኻል፤ ያቺን እንደ ልጁ የሚያያትን መኪና። ሞተሩ ታነቀ፤ ሳል አለ፤ አንዴ ተንገጫገጨ፤ ቀጥ አለ።

ጸጥታው ያስፈራ ነበር። ጋሮማ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አለ። ጋሽ ዓብዱልመጂድ አቧራ ለብሰው፣ ኮፍያቸው ጠፍቶ፣ ቀስ እያሉ መጡ። «ተርፈሃል?» አሉት። «ልጄ፣ ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ።» ተነሳ። ምን እንደነካው ባያውቅም ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ያልተነካው፣ ያልተመረመረው አንድ ነገር ብቻ እንደቀረ አሁን ነው ትዝ ያለው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ ምልክቱን አልፎ፣ ዘንጉን እስከ ግማሽ ድረስ አጥቦታል። እንደ ዘይት አይከብድም። እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ናፍጣ!

«ያ ዋቅ!» ብሎ በኦሮምኛ አምላኩን ጠራ ጋሮማ። ደግሞ አሸተተ። «ጋሼ እንኩ! ጋሼ ያሽቱት!»

ሽማግሌው ዘንጉን ተቀብለው አሸተቱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከፓምፑ ውስጥ ያለች አንዲት ጎሚኒ፣ ቀለበት የምታህል ላስቲክ፣ ተቀድዳ ኖሯል። ናፍጣው ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ሆድ ነበር የሚፈሰው፤ ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ፣ ጥቂቱ በጭስ እየወጣ፣ ጥቂቱ እየተጠራቀመ። ዛሬ ጨርሳ ተበጠሰችና ሞተሩ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ናፍጣ ራሱ መጠጣት ጀመረ። ሁሉም ውጭ ውጭውን ሲያሸቱ፣ ሲነሰንሱ፣ ካርቶን ሲያነጥፉ፣ ነገሩ እዚያ ሁሉም በሚያመሰግኑት ቦታ ተቀምጦ ነበር። «ዘይት አትጠጣም» እያሉ ማሻአላህ ሲሉላት ናፍጣ እየጠጣች ነበር። ጋሮማ በየጠዋቱ ዘንጉን በእጁ ይዞ፣ ሞልቷል ብሎ ደስ ብሎት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያሸተው መልሶታል። ይህ ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

ጋሽ ዓብዱልመጂድም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። «አፉ በለኝ» አሉ። «አሮጌ ነኝ፤ ሰው መከረኝ፤ አፉ በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ።» ከዚያም የሆዱን አወጣው። «ግን አሁን ያመኑት ዘንጉን ነው፤ እኔን አይደለም። እኔንማ ስነግርዎት አላመኑኝም። አዝኜብዎታለሁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና አሉ። «ከተማ ስንገባ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ በአላህ ስም እምልልሃለሁ። ጋሮማ ንጹሕ ነው ብዬ እምላለሁ!»

«አይማሉ» አላቸው ጋሮማ። «ዝም ብለው ይንገሯቸው። ያለ መሐላ ያምኑዎት እንደሆነ እርስዎም ይዩት።»

መኪናይቱን ለመንደሩ ሰው አደራ ብለው፣ ጅሩን ሊያመጡ፣ ድንች በጫነ መኪና አምቦ ተመለሱ። ከሱቃቸው ደጃፍ ሲወርዱ ገበያተኛው ገና አልተበተነም። ሽፋ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ሻይ የሚጠጡ ነጋዴዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል። አቧራ የለበሱትን ሽማግሌና ሸሚዙ የተቃጠለውን ጋሮማን አይቶ «ምነው? መኪናዋስ?» አለ።

ጋሽ ዓብዱልመጂድ እዚያው ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ጋኑን ራሳቸው መቆለፋቸውን፣ መርፌዋ ስትወርድ ማየታቸውን፣ ሞተሩ ማበዱን፣ ናፍጣው ዘይት ውስጥ መገኘቱን። «ጋሮማ አንዲት ጠብታ አልወሰደም» ብለው ጨረሱ።

«እንዴ!» አለ ሽፋ ዓይኑን አፍጥጦ። «ወላሂ ይበሉ!»

የጋሽ ዓብዱልመጂድ አፍ ተከፈተ። ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሷል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት የኖሩት ቃል ነው። ጋሮማን አዩት። አፋቸውን ዘጉ።

«ነገርኩህ እኮ» አሉ።

«እሱማ ሰማሁ። ወላሂ ይበሉ እንጂ!»

«ነገርኩህ፣ ሽፋ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

ሽፋ ጎኑ ወዳለው ነጋዴ ዞር ብሎ ጠቀስ አደረገው። ፈገግ አለ። «እሺ፣ እሺ» አለ፤ «በዚህ ጊዜ ሾፌር ማግኘትም ከባድ ነው መቼም። ይገባናል።» ሻይ የሚጠጡት ብርጭቋቸው ውስጥ አቀርቅረው ሳቃቸውን ዋጡ።

ዕድሜ ልካቸውን በዚያ መንገድ ላይ በቃላቸው የነገዱት ሰው ፊታቸው ቀላ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይናቸው የሄደው ወደ ጋሮማ ነው።

«ሰው ሳያምንህ ሲቀር እንዲህ ነው ለካ የሚያደርገው» አሉት ድምፃቸው ሰልሎ።

«እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አላቸው ጋሮማ፤ ክንዳቸውን ይዞ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸውና ጅሩን ሊጠራ ሄደ።